በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዞ አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል ማመልከት፦ ከየት ይጀመራል?

«ነርስ ነኝ፣ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይደርሰኛል። ጠያቂው አንዳንዴ አካውንታንት ነው፣ አንዳንዴ ኢንጂነር፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ፋርማሲ ጨርሳ የመጣች ልጅ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው አሜሪካ ውስጥ ኖራችሁ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ኖሯችሁ፣ ለኤምዲ ወይም ለዲኦ ትምህርት ማመልከት ለምትፈልጉ ነው። ኤምዲ የተለመደው የሕክምና ዲግሪ ነው፣ ዲኦ ደግሞ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዲግሪ፤ ሁለቱም ሙሉ ሐኪም ያደርጋሉ። ሁለቱም 4 ዓመት ናቸው፣ ከዚያ እንደ ስፔሻሊቲው ከ3 እስከ 7 ዓመት ሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚሰጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) አለ። ኢትዮጵያ ወይም ሌላ አገር ሕክምና ተምራችሁ የጨረሳችሁ ከሆነ ግን ይህ የእናንተ መንገድ አይደለም። እንደገና ሜዲካል ስኩል መግባት አያስፈልጋችሁም፤ የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት (ለውጭ አገር ምሩቃን የሚሰጥ ማረጋገጫ) እና የዩኤስኤምኤልኢ (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ) ፈተናዎች ናቸው የእናንተ ጉዳይ።

አብዛኛው ሰው የኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) መጽሐፍ ገዝቶ ነው የሚጀምረው። እባካችሁ ከዚያ አትጀምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ዓመታት ይበላል፣ ገንዘብም ይበላል።

በእጃችሁ መኖር ያለበት

- ከተማራችሁበት ኮሌጅ ሁሉ ትራንስክሪፕት (ኦፊሴላዊ ያልሆነውም ለጊዜው ይበቃል)
- የግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ማስረጃ፤ በሌላ ፈቃድ ያላችሁ የሚቀበሏችሁን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ማጣራት አለባችሁ
- ከታካሚና ከሐኪም ጋር ያሳለፋችሁት ሰዓት መዝገብ፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ የኃላፊው ስም
- ለማመልከቻው ዓመት የሚሆን ገንዘብ፤ 20 ትምህርት ቤት ለሚያመለክት ከፈተናው ጋር ከ3,000 ዶላር በላይ አስቡ
- ከቤተሰብ ጋር የተደረገ ግልጽ ንግግር። ልጅ ማን እንደሚጠብቅ፣ ኪራይ ማን እንደሚከፍል፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ እንዴት እንደሚሆን ሳይወሰን ተጀምሮ መሐል ላይ የቆመ ትምህርት ብዙ አይቻለሁ

1. ትራንስክሪፕታችሁን አውጥታችሁ እዩት

አንድ ክላስ ብቻ ወስዳችሁ ያቋረጣችሁበት ኮሌጅ ሳይቀር ሁሉም ይውጣ። የኤምዲ ማመልከቻ የሚገባው አምካስ በሚባለው ሥርዓት ነው፣ እዚያ ላይ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ሁሉ መዘርዘር ግዴታ ነው። የውጭ አገሩም ይጻፋል። መደበቅ እንደ ማጭበርበር ይታያል።

ዲግሪያችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አምካስ የውጭ አገር ውጤት አያረጋግጥም፣ ጂፒኤ ውስጥም አያስገባም። በገንዘባችሁ ያስገመገማችሁት ወረቀት ለሥራ ቅጥር ጠቅሟችሁ ይሆናል፣ እዚህ ግን ለውጥ አያመጣም። አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች የሳይንስ ክላሶቹ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ባችለሩም ከዚህ ይሁን ይላሉ፣ 90 ክሬዲት እዚህ መወሰድ አለበት የሚሉም አሉ። ስለዚህ አንድም ክላስ ከመመዝገባችሁ በፊት የምታስቧቸውን አምስት ስድስት ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ከፍታችሁ ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚሉትን አንብቡ፣ ግልጽ ካልሆነ ለመግቢያ ቢሮው ኢሜይል ጻፉና መልሱን አስቀምጡት። ሁለተኛ ባችለር መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ዛሬ ማወቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻላል። ጥሩው ጎን ደግሞ አምካስ የሚያሰላው ጂፒኤ እዚህ ያመጣችሁት ውጤት ብቻ መሆኑ ነው።

ዲግሪያችሁ የአሜሪካ ከሆነ ሁለት ጂፒኤ ይወጣላችኋል። አንዱ ጠቅላላው ነው። ሌላው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ብቻ ነው። ኤምዲ የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ወደ 3.8 ገደማ ነው፣ የዲኦው ዝቅ ይላል። የቀድሞው ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ ጠቅላላውን በቶሎ ማንሳት ከባድ ነው። ለምሳሌ 120 ክሬዲት በ2.8 የጨረሰ ሰው ቀጥሎ 40 ክሬዲት በሙሉ ኤ ቢያመጣ 3.1 ላይ ነው የሚደርሰው። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከዲግሪ በኋላ የተወሰዱ ክላሶች ማመልከቻው ላይ በራሳቸው መስመር ይታያሉ፤ አንባቢው ያ መስመር 4.0 ሲል ያያል፣ አካውንቲንግ ለተማረ ሰው ደግሞ የሳይንስ ጂፒኤው ማለት ይቻላል ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ክላስ ብትደግሙ ግን አሮጌው ውጤት አይጠፋም፣ ሁለቱም ይቆጠራሉ። የማስተርስ ውጤትም ለብቻው ነው የሚሰላው፣ የባችለሩን አያነሳም።

ለነርሶች የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። ለነርሲንግ የወሰዳችሁት የአንድ ሴሚስተር ኬሚስትሪ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂም ጄኔራል ባዮሎጂን አይተካም። በአሶሺየት ዲግሪ ብቻ አርኤን የሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባችለሩን ጨርሱ።

2. ፕላኑን በኬሚስትሪው ላይ ገንቡ

ትምህርት ቤቶቹ በዝርዝር ቢለያዩም የተለመደው ይህ ነው፦ ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር ከላብ ጋር፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ከላብ ጋር፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ከላብ ጋር፣ ፊዚክስ ሁለት ሴሚስተር ከላብ ጋር፣ ባዮኬሚስትሪ አንድ ሴሚስተር። በዚህ ላይ እንግሊዝኛ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ጨምሩ።

ጊዜውን የሚወስነው ኬሚስትሪው ነው። ጄኔራል አንድ ሳያልፍ ሁለት የለም፣ ሁለት ሳያልፍ ኦርጋኒክ የለም፣ ኦርጋኒክ ሳይኖር ባዮኬሚስትሪ የለም። በተለመደው አካሄድ አምስት ሴሚስተር ተከታታይ ማለት ነው። ሌሎቹን በጎን ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ «በቀላሉ ልጀምር» ብላችሁ ሳይኮሎጂ ብቻ ከወሰዳችሁ ሙሉ ሴሚስተር አጠፋችሁ። ከጄኔራል ኬሚስትሪ ጀምሩ።

ሙሉ ቀን እየሠራችሁ ከሆነ በሴሚስተር ሁለት ክላስ ይበቃል። ሦስተኛውን አትጨምሩ። ሁለት ኤ ከሦስት ቢ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እናንተ ማሳየት ያለባችሁ ዛሬ ሳይንሱን መቻላችሁን ነው። ሰመር ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በጥቂት ሳምንታት ጨምቆ መውሰድ ደግሞ ሥራ ላላቸው አልመክርም።

3. የት እንደምትማሩ ምረጡ

ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ) ያላችሁ ሞንጎመሪ ኮሌጅን ወይም ኖርዘርን ቨርጂንያን ታውቋቸዋላችሁ። ርካሽ ነው፣ የማታና የቅዳሜ ክላስ አለው። ችግሩ አንዳንድ ሜዲካል ስኩሎች የሳይንስ ክላሶቹ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑ ይመርጣሉ። ሁለተኛው በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ፈላጊ ሳይሆኑ ክላስ በክላስ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ለሙያ ቀያሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ ፖስትባክ ፕሮግራም ነው፣ ባልቲሞር አካባቢ የጎቸር ኮሌጅና የጆንስ ሆፕኪንስ ፕሮግራሞች አሉ። አማካሪ ይመድባሉ፣ የኮሚቴ ደብዳቤ (በትምህርት ቤቱ ስም የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ) ያዘጋጃሉ። ዋጋቸው ግን ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚህ በፊት ሳይንስ ላልወሰደ ሰው ነው የሚሆኑት።

የኔ ምክር? ገንዘቡ ከሌላችሁ ጄኔራል ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሳችሁ፣ ኦርጋኒክና ባዮኬሚስትሪን አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውሰዱ። ከባዱን ክላስ ከባድ ቦታ መቻላችሁ ይታያል፣ ዋጋውም ይከፋፈላል።

4. ከታካሚ አጠገብ ሁኑ

ይህ እርምጃ ከክላሱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። መግቢያ ኮሚቴው የሚፈልገው መልስ አንድ ነው፦ ይህ ሰው የሐኪምን ሥራ በቅርብ አይቶ ነው ወይስ ከሩቅ ተመኝቶ? ነርሶች፣ ሲኤንኤዎች (ረዳት ነርሶች) እና ቴክኒሺያኖች የታካሚ ሰዓት ሞልቷችኋል። ቢሆንም ሐኪም ተከትላችሁ ሥራውን ማየት አለባችሁ፣ ምክንያቱም ከነርስ ቦታ የሚታየውና ሐኪሙ ውሳኔ ሲሰጥ የሚሸከመው ነገር አንድ አይደለም። ዲኦ ለማመልከት ካሰባችሁ ከተከተላችኋቸው ሐኪሞች አንዱ ዲኦ ይሁን፤ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ከዲኦ ሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ ወይም ይመርጣሉ።

ከሕክምና ውጭ ለሆናችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያለ ግን ብዙዎች የማያዩት በር አለ። አማርኛ ትችላላችሁ። የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ወስዳችሁ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። ይከፈላችኋል፣ ሐኪሙና ታካሚው መሐል ትቀመጣላችሁ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶች መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። ኢንተርቪው ላይ ከዚህ የተሻለ የምትናገሩት ነገር አይኖርም። ለአክስታችሁ ያስተረጎማችሁት ግን እንደ ሥራ ልምድ አይጻፍም።

ሰዓቱን በየሳምንቱ መዝግቡ። ማመልከቻው ከየልምዱ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከትውስታ መጻፍ አይቻልም።

5. የድጋፍ ደብዳቤውን ክላሱ ሳያልቅ ጠይቁ

የተለመደው ከሁለት የሳይንስ ፕሮፌሰሮች፣ ከአንድ ሳይንስ ካልሆነ ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ከሐኪም ወይም ከሥራ አለቃ ነው። እኛ ሰዎች እዚህ ላይ ይሉኝታ ያጠቃናል። «ለምን አስቸግራቸዋለሁ» ብለን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ኤ ይዘን እንወጣለን፣ ፕሮፌሰሩ ስማችንን አያውቅም። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምራችሁ በቢሮ ሰዓት ሂዱ። ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። መጨረሻ ላይ «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካቅማሙ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ቀዝቃዛ ደብዳቤ ይጎዳል። ደብዳቤው ዓመት ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ ኢንተርፎሊዮ በመሳሰሉ አገልግሎቶች ማስቀመጥ ይቻላል።

6. ኤምካት

አሁን ነው ጊዜው። ባዮኬሚስትሪን ጨርሳችሁ ወይም እየጨረሳችሁ። ፈተናው ውስጥ ባዮኬሚስትሪ ብዙ ስለሚመጣ ክላሱን ሳይወስዱ መግባት ራስን መጉዳት ነው።

አራት ክፍል አለው፦ የኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ የንባብና ትንተና፣ የባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፣ የሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። 230 ጥያቄ ነው፣ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው። ኤምዲ የሚገቡት አማካይ ወደ 512 ይጠጋል፣ ዲኦ ወደ 504 አካባቢ።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች የሚያስቸግረው የንባቡ ክፍል ነው። በሁለት ወር አይሻሻልም። ክላስ እየወሰዳችሁ ሳለ ጀምራችሁ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጽሑፍ አንብቡ፤ ፍልስፍና፣ ኪነ ጥበብ፣ ኢኮኖሚ። ካነበባችሁ በኋላ የጸሐፊውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ፈተናውን በማርች ወይም በኤፕሪል ውሰዱ፣ ውጤት ለመምጣት አንድ ወር ያህል ስለሚፈጅ። ኤኤኤምሲ (ኤምካትንና አምካስን የሚያስተዳድረው የሜዲካል ስኩሎች ማኅበር) ራሱ ያዘጋጃቸውን ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በሰዓት ሥሩ፣ እዚያ ላይ የምትፈልጉትን ቁጥር በተደጋጋሚ ሳታገኙ አትግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለመሞከር ልግባ» የሚባል ነገር የለም። ውጤቶቻችሁ ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያሉ። ገደብም አለው፦ በአንድ ዓመት 3 ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት 4 ጊዜ፣ በሕይወት ዘመን 7 ጊዜ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከሁለት ሦስት ዓመት ያለፈ ውጤት ስለማይቀበሉ በጣም አስቀድሞ መውሰድም ኪሳራ ነው።

7. ከመክፈላችሁ በፊት የክፍያ ድጋፍ ጠይቁ

ኤኤኤምሲ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አለው። የገቢው ጣሪያ ከፌደራሉ የድህነት መስመር 400 በመቶ ነው፣ ስለዚህ «እኔ እየሠራሁ ነው፣ አይመለከተኝም» አትበሉ፤ በተለይ ልጆች ካሏችሁ። ከተፈቀደላችሁ የኤምካት ክፍያ በብዙ ይቀንሳል፣ የአምካስ ክፍያም እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ ነጻ ይሆናል። ግን የከፈላችሁትን አይመልስም። ለፈተናው ሳትመዘገቡ በፊት መጽደቅ አለበት።

8. የትምህርት ቤት ዝርዝር አውጡ

ኤምኤስኤአር የሚባለው የኤኤኤምሲ የመረጃ ቋት ላይ የየትምህርት ቤቱ የተለመደ ጂፒኤ፣ ኤምካትና ከየትኛው ስቴት እንደሚቀበል አለ። በዝና አትምረጡ። የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች ለራሳቸው ስቴት ነዋሪ ያደላሉ፣ ቴክሳስ ውስጥ ለምሳሌ ከሌላ ስቴት የሚገባው በሕግ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ የምትኖሩበት ስቴት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ይግቡ። ቀጥሎ ከዓላማችሁ ጋር የሚሄዱ፣ አገልግሎት ያልደረሰበትን ማኅበረሰብ ማገልገልን የሚያስቀድሙ፣ እንደ ሃዋርድ፣ ሞርሃውስና ሜሃሪ ያሉ። ከዚያ ዲኦዎችን ቀላቅሉ። የዲኦው ማመልከቻ አኮማስ ይባላል፣ የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ከካሪቢያን ትምህርት ቤቶች በቀላሉ «ተቀብለናል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ አትቸኩሉ። ሲጨርሱ እንደ ውጭ አገር ምሩቅ ነው ለሬዚደንሲ የሚወዳደሩት። መግባቱ ቀላል ቢሆንም መጨረሱ ይከብዳል።

9. ማመልከቻውን በጁን መጀመሪያ አስገቡ

አምካስ በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፣ በሜይ መጨረሻ ገደማ ማስገባት ይጀመራል፣ ለትምህርት ቤቶቹ መላክ የሚጀምረው በጁን መጨረሻ ነው። የሚጀመረው ትምህርት የሚቀጥለው ዓመት ሰመር ላይ ነው፤ ኦገስት 2029 ለመጀመር ጁን 2028 ታመለክታላችሁ። ለምን መጀመሪያ ላይ? ትምህርት ቤቶቹ የመጨረሻውን የጊዜ ገደብ አይጠብቁም። እየደረሳቸው ያነባሉ፣ ኢንተርቪው ይጠራሉ፣ ቦታ ይሰጣሉ። ትራንስክሪፕት ማረጋገጡም በሥራ ብዛት ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። በሴፕቴምበር የገባ ማመልከቻ የሚደርሰው ብዙው የኢንተርቪው ቦታ ከተያዘ በኋላ ነው።

የልምድ ዝርዝሩ 15 ቦታ አለው፣ ለእያንዳንዱ 700 ፊደል፣ ለሦስቱ ደግሞ ተጨማሪ 1,325 ፊደል። የግል ጽሑፉ ክፍት ቦታን ጨምሮ 5,300 ፊደል ነው።

የግል ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ ለእናንተ ከሌላው አመልካች ይለያል፦ አሁን ያላችሁን ሙያ ትታችሁ ለምን ሕክምና? «ሰው መርዳት እወዳለሁ» አይበቃም፣ ነርሱም ማኅበራዊ ሠራተኛውም ሰው ይረዳል። የሐኪሙን ዋና ሥራ ጥቀሱ፤ ምርመራውን አገናኝቶ በሽታውን መለየት፣ መድኃኒቱን መወሰን፣ ለውሳኔው ተጠያቂ መሆን። ይህን የፈለጋችሁበትን አንድ ቀን፣ አንድ ታካሚ ጻፉ (ማንነቱ እንዳይታወቅ አድርጋችሁ)። የቀድሞ ሙያችሁን አታንቋሽሹ። አካውንታንቱ በሥርዓት ማሰብን፣ ኢንጂነሩ ችግር መበተንን ይዞ ይመጣል፣ ያ ሀብት ነው። ስደትና ችግር ካለፋችሁበት መጻፍ ትችላላችሁ፣ ግን ከግማሽ ገጽ በላይ አይውሰድ፤ አንባቢው ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራችሁ ማወቅ ይፈልጋል።

10. ሁለተኛ ዙር ጽሑፎችና ኢንተርቪው

ከጁላይ ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ የራሳቸውን ጥያቄና የራሳቸውን ክፍያ ይልካሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይቀያየሩ በጁን ውስጥ ረቂቅ ጻፉ። አንዳንዶቹ እንደ ካስፐር ያለ የሁኔታ ዳኝነት ፈተናም ይጠይቃሉ፣ ዝርዝሩን ቀድማችሁ እዩ።

ኢንተርቪው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ማርች ይቆያል። ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ተለማመዱ፣ በልብ አይበቃም። ያደግንበት ትሕትና እዚህ ይጎዳል፤ ራሳችን የሠራነውን «እኛ» እያልን እንሸፍናለን፣ ዓይን ለዓይን ማየት እናፍራለን። የሠራችሁትን በቀጥታ «እኔ ሠራሁ» በሉ። «ለምን ነርስ ፕራክቲሽነር ወይም ፊዚሺያን አሲስታንት አትሆንም?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም፣ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ መልስ ይኑራችሁ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ሥራን በመጀመሪያው ሴሚስተር መልቀቅ። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የኬሚስትሪ ክላሶች አይታችሁ ወስኑ፣ የጤና ኢንሹራንሱም ከሥራው ጋር እንደሚሄድ አስታውሱ።

ክላስ ሲከብድ ዝም ብሎ መጨረስ። ሲ ሊመጣ መሆኑን ካያችሁ የመውጫ ቀኑ ሳያልፍ አማካሪ አነጋግሩ። አንድ ደብልዩ (ክላሱን ማቋረጣችሁን የሚያሳይ ምልክት) ከአንድ ሲ ይሻላል፤ ደብልዩ ሲበዛ ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ስለ ብድር በአሮጌ መረጃ መተማመን። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን የፌደራል ብድር አያገኙም። የሕክምና ተማሪ የፌደራል ብድር በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላ እስከ 200,000 ዶላር ነው። የአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሙሉ ወጪ ከዚህ ስለሚበልጥ ዝርዝራችሁን ስታወጡ ዋጋውንም እዩ። በአንጻሩ ኤንዋይዩ ግሮስማንና አልበርት አይንስታይን ክፍያ አያስከፍሉም፣ ጆንስ ሆፕኪንስም ዓመታዊ ገቢው ከ300,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ እንዲሁ። መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ካልተሳካ

በዚያው ዓመት ያንኑ ማመልከቻ መልሳችሁ አታስገቡ። መጀመሪያ ውድቅ ላደረጓችሁ ትምህርት ቤቶች ጽፋችሁ አስተያየት ጠይቁ፣ አንዳንዶቹ ይሰጣሉ። ከዚያ ለዩ። ኢንተርቪው ሳይጠሯችሁ ከቀሩ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጂፒኤው ወይም ኤምካቱ፣ የትምህርት ቤት ዝርዝሩ ወይም ማመልከቻው የገባበት ጊዜ ነው። ጠርተዋችሁ ካልተቀበሉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኢንተርቪው ላይ ነው። የጎደለውን ሳትሞሉ በድጋሚ አታመልክቱ፤ «ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ ማመልከቻው ላይ ይጠብቃችኋል።